ትሪየስቴ፦ ለሩቅ አገር የፊዚክስ ሰው የተከፈተ ደጅ

እ.ኤ.አ. በ1960 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቪየና ላይ ጉባኤ ተቀምጦ ሳለ፣ ከፓኪስታን ልዑካን አንዱ የሆነው የ34 ዓመቱ አብዱስ ሳላም ብዙዎች ያልጠበቁት ሐሳብ አቀረበ። የድሃ አገር ልጆች ከዓለም ሊቃውንት እኩል ተቀምጠው የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ የሚሠሩበት ማዕከል ይቋቋም አለ። ሳላም በኋላ እንደተረከው፣ ከበለጸጉት አገሮች ተወካዮች አንዱ ይህ ትምህርት የሳይንስ ሮልስ ሮይስ ነው፣ እነዚህ አገሮች የሚያስፈልጋቸው ግን የበሬ ጋሪ ነው ሲል ተቃወመው።

ሳላም ነገሩን በራሱ ላይ ደርሶ ያውቀዋል። በ1951 ከካምብሪጅ ተመልሶ ላሆር ማስተማር ሲጀምር፣ የኮሌጁ አለቃ ከማስተማሩ ሌላ ከሦስት ሥራዎች አንዱን ምረጥ አሉት፦ የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊነት፣ የሒሳብ ሹምነት ወይም የእግር ኳስ ክለብ ሰብሳቢነት። እግር ኳሱን መረጠ። ስለ ምርምሩ የሚጠይቀው አልነበረም፤ በሙያው የሚያወያየው ሰውም በአካባቢው አልነበረም። ከኳንተም መካኒክስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቮልፍጋንግ ፓውሊ ቦምቤይ መጥቶ ሲጠራው፣ ሳላም ሳያስፈቅድ ተነሥቶ ሄደ፤ ሲመለስም ከሥራ ገበታው በመቅረቱ ተጠየቀ። በ1954 ከአገሩና ከሙያው አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበትና ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ።

ማዕከሉ እንዲቋቋም ሲወሰን ኤጀንሲው የመደበለት ገንዘብ 55,000 ዶላር ብቻ ነበር። ያዳነው የጣሊያን መንግሥት ነው፤ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዓመታዊ ድጎማና ሕንፃ ይዞ ቀረበ። መንግሥቱም የራሱ ምክንያት ነበረው። ትሪየስቴ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1954 ድረስ ዕጣዋ ሳይለይ የቆየች፣ ከዩጎዝላቪያ ድንበር አጠገብ የተገፋች የወደብ ከተማ ነበረች፤ ፓኦሎ ቡዲኒች የተባለ የከተማዋ ፊዚሲስት ደግሞ ተስፋዋ ሳይንስ ሊሆን እንደሚችል ሹማምንቱን ያለመታከት ይወተውት ነበር። ማዕከሉ በ1964 ሥራ ጀመረ። በ1968 በሚራማሬ ቤተ መንግሥት መናፈሻ አጠገብ ወደተሠራለት ሕንፃ ሲገባ በተጠራው ታላቅ ስብሰባ፣ ዲራክና ሃይዘንበርግ ምሽት ምሽት በሙያው ስላሳለፉት ሕይወት ተናገሩ። ኳንተም ፊዚክስን በወጣትነታቸው የፈጠሩት ሰዎች ያን ሲተርኩ አዳራሹ ውስጥ ከእስያ፣ ከአፍሪካና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ወጣቶችም ተቀምጠው ነበር።

የማዕከሉ ትልቁ ፈጠራ ግን አሶሼት የሚባለው አሠራር ነው። አሶሼት የሆነ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ትሪየስቴ መቆየት ይችላል፤ የአውሮፕላን ቲኬቱና የመኖሪያ ወጪው ይከፈልለታል። ግዴታው አንድ ነው፦ የሚኖረውም የሚሠራውም በአገሩ መሆን አለበት። አዲስ አበባ የሚያስተምር ሰው ክረምቱን እዚያ ሰንብቶ፣ አዲስ ከወጣው ምርምር ጋር ተዋውቆ፣ መስከረም ሲጠባ ተማሪዎቹ ፊት መቆም ይችላል ማለት ነው። ኢንተርኔት ባልነበረበት ዘመን ይህ ከገንዘብ በላይ ነበር። ያልታተሙ የምርምር ጽሑፎች ከእጅ ወደ እጅ በፖስታ ይዞሩ በነበረበት ጊዜ፣ በመላኪያ ዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ወሬውን የሚሰማው ሌሎች ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ለትምህርት ልኮ በዚያው የሚያስቀር ስኮላርሺፕ በየአገሩ ሞልቷል፤ ሰውን በአገሩና በሙያው አንድ ላይ የሚያቆይ ድጋፍ ግን ያኔም ብርቅ ነበር፣ ዛሬም ብርቅ ነው።

ከተማዋም አተረፈች። በ1976 በአቅራቢያዋ ያለውን ፍሪዩሊን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላ፣ ለመልሶ ግንባታ በወጣው ሕግ መነሻነት ሲሳ የተባለው የከፍተኛ ጥናት ትምህርት ቤት በ1978 ትሪየስቴ ላይ ተከፈተ፤ በጣሊያን የዶክትሬት ዲግሪ መስጠት የጀመረውም እሱ ነው። የፈረሰ ቤት ሲጠገን ለፊዚክስ ትምህርት ቤትም ማሰብ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ሳላም በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ፤ በ1996 ከሞተ በኋላም ማዕከሉ በስሙ ተሰየመ።

ዛሬ መንግሥታት ለኳንተም ቴክኖሎጂ በጀታቸውን ከፍተዋል። በ2018 የአሜሪካ ኮንግረስ ለአምስት ዓመት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚፈቅድ የኳንተም ሕግ አወጣ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ለአሥር ዓመት የታሰበ የአንድ ቢሊዮን ዩሮ መርሐ ግብር ጀመረ። ሁለቱም በዋናነት የራሳቸውን ላቦራቶሪዎችና የራሳቸውን ኢንዱስትሪ ያስባሉ። በአንጻሩ ትሪየስቴ የምትቀበለው የሌላውን አገር ሰው ነው። ማዕከሉ በ2017 የዲራክ ሜዳሊያን ለቻርልስ ቤኔት፣ ለዴቪድ ዶይችና ለፒተር ሾር ሲሰጥ የኳንተም ኮምፒውተርን መሠረት የጣሉትን ማክበሩ ነበር፤ በማዕከሉ ግቢ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ የታዳጊ አገሮች ተመራቂዎች ወጪያቸው ተሸፍኖ ለአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት ይከታተላሉ። ኢትዮጵያውያንም በዚህ ደጅ አልፈው ለዶክትሬት በቅተዋል።

በ2018 ማዕከሉ ከሩዋንዳ መንግሥት ጋር በመሆን የምሥራቅ አፍሪካ ቅርንጫፉን ኪጋሊ ላይ ከፈተ። የማስተርስ ትምህርቱ የሚሰጠው ከሩዋንዳ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው፤ ከአዲስ አበባም የሦስት ሰዓት ያህል በረራ ብቻ ይርቃል።