ማራገቢያ የሌለው ሳጥን

በየቤታችን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ዳንቴል ማልበስ የቆየ ልማድ ነው። ሠሪው ከዕቃው ጀርባ ያን ሁሉ ቀዳዳ ለምን እንደበሳ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ መምህራንም ስለ ኮንቬክሽን ስናስተምር የሚፈላ ውሃን እንጠቅሳለን እንጂ ቀዳዳዎቹን አናነሣም። የሞቀ አየር ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከታች መግቢያ፣ ከላይ መውጫ ካገኘ ቀዝቃዛው በራሱ ይተካዋል። ወይም የብረት ሽፋኑ ሙቀቱን በንክኪ ተቀብሎ ወደ ውጭ ይለቀዋል። ሁለቱም ሞተር አያስፈልጋቸውም፤ ድምፅም የላቸውም።

የአሜሪካው አፕል ኩባንያ አፕል ሁለት የተባለውን ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1977 ሲያወጣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቲቭ ጆብስ የማራገቢያ ድምፅ ስለማይወድ ያለ ማራገቢያ እንዲሠራ ፈለገ። በጊዜው የተለመደው የኃይል መስጫ ክፍል ትርፉን ቮልቴጅ በሙቀት መልክ ያባክን ነበር። መሐንዲሱ ሮድ ሆልት ያዘጋጀው ግን ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ስለሚመጥን እምብዛም አይሞቅም። ሙቀቱን ስለ ማስወጣት ከማሰብ አስቀድሞ ሙቀቱ እንዲቀንስ ተደረገ ማለት ነው።

በ1980 አፕል ሦስት ወጣ። ይህኛው ለቢሮ ሥራ የታሰበ ሲሆን ማራገቢያም የአየር ቀዳዳም አልነበረውም፤ ሙቀቱን እንዲያስወጣ የታመነበት ከባድ የአሉሚኒየም አካሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ብልሽቱ በዛ። ቺፖቹ ከመሰኪያቸው እየላሉ ስለሚነሡ፣ ኩባንያው ለተጠቃሚዎች የሰጠው ምክር ኮምፒዩተሩን ከጠረጴዛው ጥቂት ከፍ አድርገው እንዲለቁት ነበር! ቺፖቹ ተመልሰው ይገቡ ዘንድ መሆኑ ነው። 14,000 ያህል ኮምፒዩተሮች ያለ ክፍያ ተለወጡ። የተሻሻለው ዓይነት በ1981 መጨረሻ ቢወጣም ስሙ አልታደሰም፤ በ1984 ምርቱ ቆመ።

እኛም በማሠልጠኛ ተቋማችን ለዕጩ መምህራን ይህን ታሪክ ስንነግር «ጆብስ ማራገቢያ ከለከለ፣ ኮምፒዩተሩም ጋለና ተበላሸ» ብለን እናሳጥረው ነበር። ይህ መታረም አለበት። የሳጥኑን ንድፍ ያወጣው ጄሪ ማኖክ ሳጥኑ ሙቀቱን በሚገባ እንደሚያስወጣ በሙከራ ተረጋግጧል ሲል ተከራክሯል። እንደ እርሱ አባባል ዋናው ጥፋት የሰርኪዩት ቦርዱ ነው፤ መስመሮቹ እጅግ ቀጫጭንና የተቀራረቡ ስለነበሩ ሲበየዱ መገናኘት የሌለባቸው ይገናኙ ነበር። በእርግጥ ማኖክ የራሱን ሥራ እየተከላከለ ነው፤ ምስክርነቱን ስንመዝን ይህን አንዘንጋ። ሆኖም አንድ የሚታይ ብልሽት አንድ ምክንያት ብቻ አለው ብለን ማስተማራችን ለታሪኩም ለፊዚክሱም አልበጀም።

ማራገቢያን መጥላቱም በዚያ አላበቃም። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽም አልነበረውም፤ ነገር ግን አየር የሚተላለፍባቸው ክፍተቶች ተበጁለት። ያም አልበቃ ያላቸው ሰዎች የአየሩን ፍሰት ለማፋጠን ከላይ የሚደፋ የካርቶን ጭስ ማውጫ ይገዙ ነበር። ማራገቢያ የተገጠመለት ማኪንቶሽ ኤስኢ በ1987 ሲመጣ ደግሞ ተጠቃሚዎቹ በድምፁ አማረሩ።