ከሐይቅ ጉልት እስከ ቱርክ ካምፕ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። ወደ ሰሜን ሲዘልቁ ደግሞ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ውጫሌ አለች፤ ስሟን አብዛኞቻችን የምናውቀው በ1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር በተፈረመው ውል ነው። በዚሁ አካባቢ የታሪክ መጻሕፍት እምብዛም የማያነሡት ሌላ ውልም ሲጸና፣ ሲፈርስና እንደገና ሲሞከር ኖሯል። የዚህ ውል ጥያቄ እንዲህ ነው፦ መጠጊያ ያጣውን ሰው የሚያስጠልለው በጎ አድራጊ ከሆነ፣ ቀለቡን የሚችለው ማን ነው?

የመጀመሪያውን መልስ የሰጠው ጉልት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው ገዳሙን የትምህርት ማዕከል አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑን ሲይዝ ለረዱት አባቶች ውለታ የመንግሥቱን ሢሶ ለቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጠ ትውፊቱ ይተርካል። የሢሶው ነገር ሊቃውንትን ዛሬም ያከራክራል፤ የሐይቅ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከባድ ሥልጣን እንደ ነበረው፣ ገዳሙም ባለ ሰፊ ጉልት እንደ ነበር ግን አያከራክርም። ንጉሡ ለገዳም ጉልት ሲሰጥ ከግምጃ ቤት ወርቅ ቆጥሮ አያወጣም። ከገበሬው የሚሰበስበውን ግብር ለገዳሙ ይለቃል። ስለዚህ ጉልት፣ ዛሬ በምንናገርበት ቋንቋ፣ የመንግሥት በጀት ነበር።

በዚያ ግብር መነኮሳቱ ይኖሩበታል፣ መጻሕፍት ይጻፉበታል፣ ከደጀ ሰላሙ የሚጠጋው ድኻም ይቀምስበታል። መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለ መንገደኛ ማደሪያ አያጣም። ስጦታው በየዓመቱ ማመልከቻ አያስፈልገውም፤ ዘንድሮ ተሰጥቶ ለከርሞ አይቀርም። ይህን ስል ጉልትን ማወደሴ አይደለም። ግብሩን የሚከፍለው ገባር ራሱ ከድኻው ብዙም አይርቅም ነበር፤ አዝመራው ሲበላሽበትም ከዚያው ደጀ ሰላም ይቆም ይሆናል። ገዳሙም ድኻውን እንዲያበላ የሚያስገድደው ልማድና ሃይማኖት እንጂ ሕግ አልነበረም። ሰጪው ተለማኝ፣ ተቀባዩ ለማኝ የሆነበት ግንኙነት ከዚያ ጀምሮ አልተላቀቀንም።

መንግሥት ራሱ በቀጥታ ያስተዳደረው ማደሪያ ፈልጉ ከተባለ ደግሞ አምባሰል ውስጥ አንድ አለ። ግሸን አምባ ላይ የነገሥታት ልጆች ለዘመናት በንጉሥ ጥበቃና ቀለብ ተቀምጠዋል፤ ቤት አጥተው ሳይሆን ዙፋን እንዳይመኙ ነው። ወደ ሌላው ሰው ስንመጣ ሸክሙ የሕዝቡ ነበር። እንደ ገታና ዳና ያሉት የወሎ ሙስሊሞች የጸሎት ማዕከላት፣ ሐድራዎቹ፣ እንግዳውን ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ ያበሉ ነበር። የወሎ እድር የሆነው ቅሬም ቀባሪ ያጣውን ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ይደግፋል፤ የሚደግፈው ግን ስሙ በመዝገቡ ያለውን ነው። ጎዳና ላይ የወደቀ ሰው ቅሬ የለውም።

የዚህ ሁሉ አቅም የታየው በ1965 ዓ.ም. ነው። ዝናብ ጠፍቶ የወሎ ገበሬ ከብቱን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ ይዘው ቀረቡ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጋዜጠኛው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በመንገዱ ዳር መጠለያዎች ተተከሉ፤ ገንዘቡ ግን ከውጭ መጣ። የአብያተ ክርስቲያናት የርዳታ ድርጅቶች ኅብረት የተመሠረተውም፣ የመንግሥት የርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመውም በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ልማድ ያኔ ሥር ሰደደ፦ መንግሥት ቦታና ፈቃድ ይሰጣል፣ በጎ አድራጊው ይሠራል፣ የውጭ ለጋሽ ይከፍላል።

ብዙም ሳይቆይ አሮጌው የገንዘብ ምንጭ ደረቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገባሩን ነፃ አወጣ፤ ለዚህ አዋጅ የሚቆጭ ገበሬ አላውቅም። ገዳማቱ ግን መሬታቸውን በአንድ ቀን አጡ፤ በደጃቸው የሚበላው ድኻ ከእንግዲህ ከየት እንደሚበላ አዋጁ አልተናገረም። ደርግ በአላጌ እንደ ሕፃናት አምባ ያለ፣ የጦርነት ወላጅ አልባዎችን የሚያሳድግ የመንግሥት ተቋም ገንብቷል። ቸግሮት ለመጣ ሁሉ ግን አላዳረሰም፤ ተቋሙም ከሥርዓቱ ጋር አብሮ አከተመ።

የዘመኑን ክፍተት ከማንም በላይ የምታሳየው የግሸን ተሳላሚ ናት። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ አምባሰል ሲወጡ በረሃብ የወደቁ ሰዎች መሐል ደረሱ። የያዙትን ዳቦና ጸበል አከፋፈሉ፤ ከሞተች እናቷ ጡት ያልተለየች ሕፃን አይተው ማለፍ አቃታቸው። ወላጅ ያጡ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ። ባለቤታቸው አልተስማሙም፣ ዘመድም «አብዳለች» አለ፤ እሳቸው ቤታቸውን ትተው ልጆቹን መረጡ። የሚሸጥ ምግብ እያዘጋጁ ያሳደጓቸው ልጆች ቁጥር እያደገ ሄዶ ሥራው ትልቅ ድርጅት ሆነ። ልጆቻቸው «እዳዬ» የሚሏቸው እኚህ እናት ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ አረፉ፤ አገር አለቀሰላቸው፣ መንግሥትም አከበራቸው። እንጀራ ሲጋግሩና ሲሸጡ ግን የመንግሥት በጀት አጠገባቸው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሰው ማመስገን እናውቅበታለን። ሸክሙን መካፈል ሌላ ነገር ነው።

የ1977ቱን ረሃብ አላንዛዛም፤ ዓለም ሁሉ አይቶታል። ወደ ሕጉ ልለፍ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳት እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዝዛል። የአቅሟ ሐረግ ሥራዋን ሠርታለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ ትኩረቱ ቁጥጥር ነበር። ድርጅቶች ለአስተዳደር ከዓመት ወጪያቸው ከ30 በመቶ በላይ እንዳያውሉ ወሰነ፤ የመስክ ወጪ ሳይቀር ከአስተዳደር ሲቆጠር ብዙዎች አማረሩ። በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪን ትርጉም አጥብቦ ጣሪያውን 20 በመቶ አደረገ፤ ነግዶ ገቢ ማግኘትን ፈቀደ፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ የሚባል ቋትም አቋቋመ። የቋቱ አንዱ ምንጭ የፈረሱ ድርጅቶች ንብረት ነው። ሕያዋኑን በሙታን ውርስ የማኖር ሐሳብ፣ መነሻ ይሁን እንጂ፣ በጀት ሊባል አይችልም።

ከተሞቻችን እስካሁን የሚሰጡት በዋናነት መሬት ነው። ቢኒያም በለጠ በወላጆቹ ግቢ የጀመረው መቄዶንያ የተባለው የመርጃ ማዕከል ከአዲስ አበባ አስተዳደር ቦታ አግኝቷል፤ በሺህ ለሚቆጠሩት አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የዕለት ቀለብና መድኃኒት ግን በዋናነት የሚገኘው ከሕዝብ መዋጮ ነው። መሬቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ነገር ግን መሬት አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ሽማግሌው በቀን ሦስቴ ይበላል።

ሌላ ዓይነት ውል የተሞከረው በ2009 ዓ.ም. በጀመረው የከተሞች ሴፍቲኔት ነው። ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ አሥራ አንድ ከተሞች ታቀፉ፤ ደሴ አንዷ ነበረች፣ ሐይቅ አልነበረችም። ጎዳና ላይ ያሉትን ለማንሣት መንግሥት አገልግሎት ከሚሰጡ ድርጅቶች ጋር ውል ይዞ እንዲከፍል የታሰበው እዚህ ላይ ነው። ሕንድ በዚህ ቀድማናለች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2002 ዓ.ም. ለየ100,000 የከተማ ሕዝብ ቢያንስ አንድ የሌሊት መጠለያ እንዲኖር አዘዘ፤ በዴልሂ ቤቱ የመንግሥት ሆኖ ማኅበራት ያስተዳድሩታል፣ ክፍያው ከመንግሥት ይመጣል። እዚያም አቤቱታ አለ። አቤቱታው ግን የሚቀርብበት ደጅ ይታወቃል።

እኛ ዘንድ ፈተናው በ2014 ዓ.ም. ሐይቅ ድረስ መጣ። የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻን አልፎ ሕዝቡን በተነ፤ የደሴ ትምህርት ቤቶች መኝታ ቤት ሆኑ። ከወለጋ የተፈናቀሉትም በሐብሩ ወረዳ ጃራ፣ በሐይቅ ደግሞ ቱርክ ካምፕ በሚባለው መጠለያ ሰፈሩ። የተፈናቃይ ቀለብ ልኩ በወር በነፍስ ወከፍ 15 ኪሎ እህል ነበር፤ ሲመጣ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ርዳታው ለሌላ ውሏል ብለው በመላ አገሪቱ ለወራት አቋረጡ። በጥር 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን የውጭ ርዳታዋን ስታግድ ነገሩ ተደገመ። በሁለቱም ጊዜ ክፍተቱን ለመሸፈን የሞከሩት እንደ ልማዳቸው የአካባቢው ሰው፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ናቸው፤ አብዛኞቹ ራሳቸው ከጦርነት ያላገገሙ።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ለሐይቅ ገዳም የተሰጠው ገቢ፣ ግፉ እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ ለበጎ አድራጎት ማዕከል ከሚሰጠው የመሬት ካርታ ይልቅ ተማምነው የሚያድሩበት ነበር። ገባሩን ወደ መመለስ ሳንሄድ ያንን አስተማማኝነት ማምጣት ይቻላል። በነፍስ ወከፍ የተሰላ፣ በውል የታሰረ፣ በኦዲት የሚጠየቅ፣ በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ነው የሚያስፈልገው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐይቅ ባለችበት በተሁለደሬም ሆነ በአምባሰል የምትኖሩ አንባብያን፣ የወረዳችሁ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ መጠለያ ለሌላቸው የተያዘው ስንት ብር እንደሆነ ተወካያችሁን ጠይቁ።