ቤት ሲገዛ ጠበቃ ስለ መምረጥ

መኖሪያ ቤት መግዛት አብዛኛው ቤተሰብ በዕድሜ ዘመኑ ከሚፈጽማቸው ውሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። የዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ ገንዘብና ከዘመድ የተገኘ ብድር በአንድ ቀን ከእጅ ይወጣል። ይሁን እንጂ በርካታ ገዢዎች ጠበቃ የሚፈልጉት ገንዘቡ ከተከፈለና አለመግባባት ከተፈጠረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ለጠበቃው የሚቀረው ሥራ ክስ መመሥረት ነው፤ ከክፍያ በፊት ቢጠየቅ ኖሮ ክሱን የሚያስቀር ማጣራት ሊያደርግ ይችል ነበር። ከዚህ በታች የተመለከተው ማብራሪያ በተለይ በአዲስ አበባ ከተማ ቤት ለሚገዙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

ሕጉ ከገዢው የሚጠብቀው

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገዢው የሚገዛው ቤቱን ሲሆን፣ ከቤቱ ጋር የሚተላለፍለት በቦታው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ይዞታው ነባር ነው ወይስ በሊዝ የተያዘ፣ በሊዝ ከሆነ ስንት ዓመት ቀርቶታል፣ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ አለበት ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ከዋጋው እኩል ክብደት አላቸው። በዕጣ የተላለፈ የጋራ መኖሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ለሦስተኛ ወገን እንዳይሸጥ የተጣለው የ5 ዓመት ገደብ ማለፉ መረጋገጥ አለበት።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው አስገዳጅ ውሳኔ፣ ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል እንደ ረቂቅ እንጂ እንደ ጸና ውል እንደማይቆጠር ተርጉሟል። በሽማግሌዎችና በምስክሮች ፊት በመንደር ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ፈራሚዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ ይህን ጉድለት አይሞላም።

ብዙ ገዢ የሚጎዳው በቀብድ ላይ ነው። በሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ገዢው ይህን ተማምኖ በደላላው ቤት ገንዘብ ይቆጥራል። ሆኖም የቤት ሽያጩ ውል ራሱ ካልጸና ክርክሩ ስለ እጥፍ ክፍያ መሆኑ ቀርቶ፣ የሰጠውን ገንዘብ ስለ ማስመለስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያም ገንዘቡ በሻጩ እጅ ከተገኘ ነው። ጠበቃ የሚመረጥበት ትክክለኛ ጊዜ ከቀብዱ በፊት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠበቃ ማን ነው?

በፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት በክፍያ የሕግ ምክር መስጠትና ውል ማዘጋጀት የጥብቅና አገልግሎት አካል ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቶች በር ላይ ራፖር የሚጽፍ ሰው፣ ጉዳይ አስፈጻሚ ወይም «ሕግ አውቃለሁ» የሚል ደላላ ጠበቃውን አይተካም። ገዢው የጥብቅና ፈቃዱን መታወቂያ አይቶ ፈቃዱ ያልታገደና ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ከፈቃድ ሰጪው አካል ማረጋገጥ ይችላል፤ ይህን ቢጠይቅ እንደ ነውር ሊቆጠርበት አይገባም።

ከፈቃዱ ቀጥሎ የሚታየው ነጻነት ነው። ሻጩ ወይም ደላላው «ለሁላችሁም የሚሆን ጠበቃ አለን» ብሎ ማቅረቡ የተለመደ ነው፤ ወጪ የሚቀንስም ይመስላል። ነገር ግን የሻጩ ፍላጎት ገንዘቡን ቶሎ መቀበል ሲሆን የገዢው ፍላጎት ሁሉም ነገር እስኪጣራ ገንዘቡን መያዝ ነው። አንድ ሰው ሁለቱን በአንድነት በታማኝነት ሊያገለግል አይችልም። ቤቱ የሚገዛው ከሪል ስቴት አልሚ ከሆነም የአልሚው ጠበቃ ያዘጋጀውን ውል የገዢው ጠበቃ ለብቻው ሊያነበው ይገባል።

በመጀመሪያው ውይይት የሚጠየቁ ጉዳዮች

ስመ ጥር የችሎት ተከራካሪ መሆን ለዚህ ሥራ ዋና መለኪያ አይደለም። ቤት ለሚገዛ ሰው የሚበጀው ጠበቃ በክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማኅደር የሚያስወጣ፣ የመንግሥት ሠራተኛውን ትዕግሥት ባለው ሁኔታ የሚጠይቅና ሁለት ጊዜ ለመመላለስ የማይሰለች ነው። ስለዚህ ገዢው «ከዚህ በፊት የቤት ሽያጭ ጉዳይ ይዘዋል?» ከሚለው አልፎ «ምን ምን ያጣራሉ? የት ሄደው? በስንት ቀን?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። መልሱ «ውሉን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ሌላውን ሰነዶች ማረጋገጫ ያየዋል» የሚል ከሆነ ሌላ ጠበቃ መፈለግ ይሻላል።

የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የተዋዋዮችን ማንነትና ችሎታ፣ የሻጩን መብት እንዲሁም በንብረቱ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ መኖር አለመኖሩን ከሚቀርብለት ማስረጃ ይመለከታል። ቦታው ላይ ሄዶ ግን አጥሩን አይለካም። በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋትና በመሬት ላይ ያለው ስፋት ካልተመሳሰሉ፣ ማድ ቤቱ ከጎረቤት ይዞታ ከገባ፣ ወይም በቤቱ ውስጥ አልወጣም የሚል ተከራይ ካለ፣ ይህን ማወቅ የገዢውና የጠበቃው ድርሻ ነው።

ሦስት ጉዳዮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው ጋብቻ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የባልና ሚስት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ይህን አያስቀርም። ያልተስማማው የትዳር ጓደኛ ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ሻጩ ያላገባ ከሆነ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ፣ ያገባ ከሆነ የባለቤቱ ፊርማ ይቀርባል።

ሁለተኛው ውርስ ነው። የካርታው ባለስም በሕይወት ከሌሉ ቤቱ የሚሸጠው ወራሽነታቸውን በፍርድ ቤት ባረጋገጡት ወራሾች ሁሉ ስምምነት ነው። ቤቱን ሲያስተዳድር የኖረው ታላቅ ልጅ «ወንድሞቼ ይስማማሉ» ማለቱ አይበቃም።

ሦስተኛው ውክልና ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ቃል የመሸጥ ሥልጣን አይሰጥም። ጠበቃው የውክልናውን ቃል ከማንበብ በተጨማሪ ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናው አለመሻሩን ሊያጣራ ይገባል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ገዢዎች

በዋሽንግተን፣ በሪያድ ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ገዢ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የሰጠው ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ሲመዘገብ በአገር ውስጥ ይሠራበታል። ብዙዎች ይህን ውክልና ለቅርብ ዘመድ ይሰጣሉ፤ ዘመዱም ቤቱን ያገኛል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ ይፈርማል፣ ይከፍላል። ሁሉን በአንድ ሰው ላይ ከመጣል ቤቱን የሚያጣራውን ጠበቃ ገንዘቡን ከሚከፍለው ሰው መለየትና የማጣራቱ ውጤት በጽሑፍ በቀጥታ ለገዢው እንዲላክ ማድረግ የተሻለ ነው። ይህም ዘመድን ካለማመን የሚመነጭ አይደለም፤ ዘመዱንም በኋላ ከሚመጣ ወቀሳ ያድነዋል።

ክፍያና የውል ስምምነት

ከጠበቃው ጋር የሚደረገው ውል በጽሑፍ ሆኖ የሥራውን ዝርዝር፣ የክፍያውን መጠንና ጊዜ ሊይዝ ይገባል። ጠበቃው የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ ከሆነ «ይህን ቤት አይግዙ» ለማለት ሊከብደው ስለሚችል፣ የማጣራቱ ዋጋ ለብቻው ተቆርጦ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ቢከፈል ይመረጣል። የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያ ክፍያና በሻጩ ላይ የሚያርፍ ግብር ከጥብቅና ክፍያው የተለዩ ናቸው፤ የትኛውን ማን እንደሚከፍል በሽያጭ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፋል። የቤቱ ዋጋም ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ በባንክ ወይም በሲፒኦ ቢከፈል ማስረጃ ይተዋል።

የጠበቃው ሥራ ውሉ በተፈረመበት ዕለት አያበቃም። በሕጉ ቁጥር 2878 መሠረት ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገኖች ላይ መቃወሚያ ሊሆን አይችልም። ስለሆነም ካርታው በገዢው ስም እስኪዞር ድረስ የጥብቅና ውሉ ሊቀጥል፣ የመጨረሻው ክፍያም ለዚያ ቀን ሊቆይ ይገባል። ስሙ ከዞረ በኋላ ገዢው ዋና ሰነዶቹን ተረክቦ፣ ለጠበቃው የሰጠው ውክልና ካለ በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ቀርቦ ያስነሳል።