የአርዲ ሰማንያ

ደብረ ሊባኖስ፣ ፖርቱጋል ድልድይ አጠገብ፣ ተማሪዎቼን ገደሉ አፋፍ ላይ አስቀምጬ አንድ ወንድ ጭላዳ የላይኛ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው እስኪገለብጥ እጠብቅ ነበር። በማስተማር ዘመኔ ከዚያ የተሻለ ጥቁር ሰሌዳ አላገኘሁም። ጩቤ የመሰለው ክራንቻ ብቅ ሲል ከኋላ የሚያወሩት ሳይቀሩ ጸጥ ይላሉ። «ለሥጋ እንዳይመስላችሁ፤ ሲነጭ የሚውለው ሣር ነው። ጥርሱ የበቀለው ለሌላ ወንድ ነው» እላቸዋለሁ። አንዱ ጭላዳ ብዙ ሚስቶች ይዞ ይኖራል፤ ሚስት ያጡት ጎረምሶች ደግሞ የሚደክምበትን ቀን እየጠበቁ በአቅራቢያው ያንዣብባሉ።

ከዚያ ወደ አርዲ እሻገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ አፋር ውስጥ፣ አራሚስ ላይ፣ የመዳፍ አጥንት ስባሪ አገኘ። ከዚያው ስፍራ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የሴት አፅም ተለቅሞ ወጣ፤ አርዲ የምንላት እሷን ነው። ጥናቱ እስኪታተም 15 ዓመት ፈጀ፤ አጥንቱ ሲነኩት ይፈረካከስ ነበርና አይፈረድባቸውም። እኔን የያዘኝ ግን ጥርሱ ነው። ከእሷና ከዘመዶቿ ከ145 በላይ ጥርስ ተሰብስቧል፤ የወንዶቹ ክራንቻ ትንሽ ነው፣ ከሴቶቹም ብዙ አይለይም።

አሜሪካዊው የሰው ዘር አመጣጥ ተመራማሪ ኦወን ላቭጆይ ከ1981 ጀምሮ የሚናገረው ታሪክ ነበረው። ወንዱ መናከሱን ትቶ በሁለት እግሩ ቆመ፤ ነፃ በወጡት እጆቹ ምግብ ተሸክሞ ለአንዲት ሴት ማምጣት ያዘ፤ እሷም ባለ ክራንቻውን ትታ እሱን መረጠች። ታሪኩ ከድንቅነሽ ወገኖች ዘንድ ሲደርስ ይንገዳገዳል። እሷ አንድ ሜትር ገደማ ናት፤ በ2005 ወራንሶ ሚሌ የተገኘው ወንዱ ካዳኑሙ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሳይሆን አይቀርም። በጦጣና በዝንጀሮ ዓለም ወንዱ ሴቷን እንዲህ ሲገዝፍባት ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የብዙ ሚስት ነው። የአርዲ ጥርስ ሲመጣለት ላቭጆይ በ2009 ታሪኩን እንደገና አነሣው።

ሰማንያ ምስክር ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ጊቦን የተባለው ዝንጀሮ ካሳፈረኝ ወዲህ በጥርስ ምስክርነት አልቸኩልም። ካርፔንተር የተባለ ተመራማሪ በ1937 ታይላንድ ጫካ ገብቶ ጊቦኖችን ጥንድ ጥንድ ሆነው ከልጆቻቸው ጋር አያቸው፤ ንጋት ላይ ባልና ሚስቱ ተቀባብለው ይዘምራሉ። እኔም ለዓመታት «የታማኝነት አርአያ» እያልኩ አስተማርኩ። በ1990ዎቹ ግን ራይሻርድ የተባለ ሌላ ተመራማሪ እዚያው ታይላንድ ካዎ ያይ በተባለው ጫካ ሚስቲቱን ከጎረቤት ጋር አገኛት። ክራንቻቸውም ቢሆን እኩል ነው እንጂ ትንሽ አይደለም፤ የሁለቱም ረጅምና የሾለ ነው።

አንድ ዓመት ይህን ሁሉ ሙዚየም ውስጥ ስተርክ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አርዲ ሴት ናት አላሉም?»

«ናት።»

«ታዲያ ምግብ የሚያመጣላት ለምንድን ነው? እሷ እጅ የላትም?»

መጀመሪያ የተገኘው የመዳፍ አጥንት የማን እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ።