ጠጅ ቤት የመክፈት ወጪ በመርካቶ፤ የአንድ ያልተጻፈ ሒሳብ ታሪክ

በከተማ ኑሮ ውስጥ የመጠጥ ቤት የያዘውን ስፍራ የሚመለከቱ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በጠጪው፣ በአዝማሪውና በጨዋታው ላይ ያተኩራሉ። ቤቱ ከመከፈቱ በፊት የተደረገው ስሌት፣ ማለትም ለኪራይ፣ ለጋን፣ ለማርና ለማገዶ የሚወጣው ገንዘብ ከየት ተገኝቶ እንዴት እንደ ተደለደለ፣ እምብዛም አይነሣም። ሆኖም በርበሬ በረንዳን በመሳሰሉ የመርካቶ ገበያዎች ዙሪያ ጠላና ጠጅ እየሸጡ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሴቶች በቃላቸው የያዙት ሒሳብ ለአዲስ አበባ የንግድ ታሪክ ከብዙ መዝገብ ያላነሰ ቁም ነገር ይዟል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ምግብና መጠጥ በገንዘብ መሸጥ እንደ ክብር ሥራ አይታይም ነበር። ጠጅ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት አዳራሽ በግብር ላይ የሚቀርብ፣ የባለቤቱም ማዕረግ የሚለካበት መጠጥ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ሆቴላቸውን ባስከፈቱ ጊዜ መኳንንቱ በገንዘብ መብላትን ስለ ነወሩ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሹማምንቱን አስከትለው ሄደው በልተው ሒሳብ መክፈላቸው ይተረካል። እቴጌይቱ የንጉሠ ነገሥቱ ድጋፍ ነበራቸው። ያንን ድጋፍ ያላገኘች ተራ ሴት ግን መጠጥ ለመሸጥ ስትነሣ ከሁሉ አስቀድማ የምትከፍለው የስም ዋጋ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እስከ ጠላት ወረራ ድረስ የከተማይቱ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ፋሺስቶች ነጩን ከጥቁሩ በሚለየው የከተማ ዕቅዳቸው መሠረት የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ጠላት ከተባረረ በኋላም ገበያው በአዲስ ከተማ ጸንቶ በየሸቀጡ ተከፋፈለ፤ እህል በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ ተባለ። ከማረቆና ከሌሎች አውራጃዎች የሚመጣው በርበሬ በሚራገፍበት ስፍራ ሾፌሩ፣ ተሸካሚው፣ ደላላውና በርበሬ ቀንጣሿ በአንድነት ይውላሉ። ቀኑን በበርበሬ ብናኝ ሲያስነጥስ የዋለ ወዛደር ሲመሽ ጉሮሮውን የሚያርስበት ቤት ይሻል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ደንበኛ ለመሳብ የሚወጣው ወጪ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የጠላ ቤት ማስታወቂያ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ብቻ ነው።

እውነተኛው ወጪ የሚጀምረው ከዕቃው ነው። ጋንና እንስራ፣ ለጠጅ ብርሌ፣ ለጠላ ጣሳ፣ ለእንግዳ መቀመጫ አግዳሚ ወንበር ያስፈልጋል። ጋን ሲሰበር በውስጡ ያለው መጠጥም አብሮ ስለሚጠፋ ኪሳራው እጥፍ ነው። ጋኑ በግራዋ መታጠብ፣ በወይራ መታጠን አለበት። ለጠላው ገብስ፣ ብቅልና ጌሾ፣ ለአሻሮውና ለቂጣው ማገዶ፣ ለሁሉም ከቦኖ የሚቀዳ ውሃ ይገዛል። ጠላ ሳይሸጥ ከሰነበተ ስለሚኮመጥጥ፣ ጠማቂዋ የምትጠነስሰውን መጠን የምትወስነው የገበያውን ቀን፣ የበዓሉንና የጾሙን ወራት አስልታ ነው።

የጠጅ ስሌት ደግሞ ከዚህ ይረቅቃል። በተለመደው አጣጣል ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ያህል ውሃ ይገባል፤ ስለሆነም የማር ዋጋ የመላው ሒሳብ ምሰሶ ነው። ማር በብዛት የሚቆረጠው ክረምቱ እንዳለፈ በጥቅምትና በኅዳር በመሆኑ፣ በዚያ ወቅት ገዝታ ማስቀመጥ የቻለች ባለ ቤት ዓመቱን ሙሉ ትረፋለች፤ ጥሬ ገንዘብ ያጣችው ግን በውድ ጊዜ በትንሽ በትንሹ ለመግዛት ትገደዳለች። ወጪ ለመቀነስ ስኳር የሚቀላቅሉም ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ጠጅ የሚያውቅ ደንበኛ ልዩነቱን ለይቶ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ከማሩ የሚለየው ሰፈፍ ለሰም፣ ከጠላው የሚቀረው አተላ ለከብት መኖ ስለሚሸጥ፣ ብልህ ባለ ቤት ሁለቱንም በገቢ በኩል ትይዛቸዋለች።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይገኝ ነበር? መያዣ የሌላት ሴት ወደ ባንክ የምትገባበት በር ጠባብ ስለሆነ መልሱ በአመዛኙ ዕቁብ ነው። 20 አባላት በየሳምንቱ 5 ብር ቢጥሉ 100 ብር ይሰበሰባል። ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት የደረሳት ሴት 100 ብር ተቀብላ፣ ቀሪውን 95 ብር በ19 ሳምንት ያለ ወለድ ትጥላለች። መጨረሻ የደረሳት ደግሞ ያለ ወለድ ስታበድር ከርማለች ማለት ነው። የዕቁቡ ዳኛ ዋስ የሚጠይቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል እዚህ ላይ የሒሳብ ትርጉም አለው።

በ1967 ዓ.ም. የስሌቱ ሚዛን ተለወጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶችም በቀበሌ አስተዳደር ሥር ሆኑ። የኪራይ መቀነስ ለአነስተኛ ነጋዴ ትልቅ እፎይታ ነበር። በአንጻሩ ከዚያው ዓመት ጀምሮ የታወጀው የሰዓት እላፊ ገደብ የመጠጥ ቤትን ዋነኛ የገበያ ጊዜ፣ ምሽቱን፣ አሳጠረው። በኪራይ የተገኘው ቅናሽ በከፊል በዚህ ተመልሶ ሄደ።

ሌላው ተፎካካሪ ቢራ ነበር። በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ ምርት እየተስፋፋ ሲሄድ አዲስ ዓይነት ወጪ መጣ። ቢራ የሚሸጥ ቤት ባዶ ጠርሙስና ሳጥን፣ ማቀዝቀዣና የኤሌክትሪክ መስመር ሊኖረው ይገባል። መጠጡ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ የጠማቂዋ ሙያ ዋጋ ያጣል፤ ጥሬ ገንዘብ ያለው ደግሞ ይቀድማል። በጠላና በጠጅ በኩል እጅና ዕውቀት የካፒታልን ቦታ በከፊል ይተኩ ነበር።

የመላው ሒሳብ ጥያቄም እዚህ ላይ ይገኛል። ገብሱን መልቀም፣ ብቅሉን ማብቀል፣ መጠንሰስ፣ መደፍደፍ፣ ማጥለል፣ መቅዳት፣ ዱቤ ማስታወስ፣ የሰከረን መሸኘት፣ ጎሕ ሳይቀድ ጋን ማጠብ በየትኛውም የወጪ ዓምድ አልገቡም። ለእነዚህ ሥራዎች የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ቢታሰብላቸው፣ ትርፍ ይባል የነበረው ገንዘብ አብዛኛው የባለ ቤቷ የራሷ የድካም ክፍያ ሆኖ በተገኘ ነበር። ብዙዎቹ ቤቶች በአነስተኛ መነሻ የቆሙት ትልቁ ወጪ በሴቲቱ ጉልበት ስለተሸፈነ ነው።

የከተማይቱ አሮጌ ሰፈሮች በፈረሱ ቁጥር ይህን ስሌት በቃላቸው የያዙት እናቶች ይበተናሉ። መምህሩ ለሒሳብ ትምህርቱ፣ የታሪክ ተመራማሪው ለመዝገቡ፣ ደራሲው ለገጸ ባሕርዩ ከእነሱ የሚቀስመው ብዙ ነው። በተለይ ኪነ ጥበብ የመጠጥ ቤቷን ሴት ብርሌ ይዛ ስትስቅ ብቻ ሲያሳይ ኖሯል። ጋኗ አጠገብ ቁጭ ብላ የማሩን ዋጋ በጣቷ ስትቆጥር የሚያሳያት ሥራ ገና ብዙ ቦታ ይጠብቀዋል።