ጀርባው ሙጫ የሌለው መጽሐፍ

ነገሩ የጀመረው ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሞባይል ጥገና ቤት ውስጥ ነው። ከመካከላችን አንዱ አክስቱ ከአሜሪካ የላኩለትን ኢ-ቡክ ማንበቢያ ሊያሠራ ገባ፤ እኛም ብርዱን ሽሽት ተከተልነው። (የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚጠራጠር አንባቢ ካለ ኅዳር ላይ ይምጣና ያነጋግረን።) የዕቃው በሽታ አንድ ነው፤ ባትሪው ሞቷል። ሠሪው ልጅ ካቻቪቴውን ይዞ ብሎን ፈለገ። የለም። ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰሰ። «ወንድሜ፣ ይሄ እንዲከፈት ተብሎ አልተሠራም። ዙሪያውን በሙጫ ነው የታሸገው» አለ። ግድ የለም ሞክረው አልነው። በሙቅ አየር አሞቀው፣ በቀጭን ፕላስቲክ ፈለቀቀው፣ ሊከፈት ትንሽ ሲቀረው ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ሒሳብ አልቀበልም አለን።

መጻሕፍቱስ? ሦስት መቶ ያህል ነበሩ፤ ጓደኛችን ለዓመታት ያሰመረባቸው፣ ማስታወሻ የጻፈባቸው። ሁሉም ያሉት በአክስቱ ስም በተከፈተ አካውንት ውስጥ ነው። አክስቱ የይለፍ ቃሉን ረስተውታል፤ የተመዘገቡበት ኢሜይልም ከተዘጋ ቆይቷል። እንግዲህ ሦስት መቶ መጻሕፍት አሉ፣ ግን የሉም።

በማግስቱ አንኮበር ወጣን። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጭጋጉ ካልተገለጠ ግን መቶም ይመስላል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ አባት ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው አሳዩን። የፊተኛው ገበታ ለሁለት ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ ተበስቶ በጠፍር ተጠልፏል። አንዱ ቅጠል መሐል ላይ ሳይጻፍበት በፊት የተቀደደ ኖሮ በክር ተሰፍቷል፤ ጸሐፊውም ስፌቱ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አልፎታል፣ መኪና ጉድጓድ እንደሚዞር። «አባ፣ ገበታውን ማን ጠገነው?» ብለን ጠየቅን። «የሚያነብበት ነዋ! ሌላ ማን ይጠግነዋል?» አሉን፤ ጥያቄያችን ራሱ ሳይገርማቸው አልቀረም።

እኛ ታሪክ ወዳዶች ነን እንላለን እንጂ የብራና መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ በቅጡ የገባን ያን ቀን ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ቀንሱ ያላችሁን እናንተው ቀንሱ።) ቆዳው አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ነው። ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ከበሮ እስኪመስል ይወጠራል፣ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፣ ጸጉሩ ይላጫል፣ በድንጋይ ይታሻል። ሲደርቅ በልኩ ይቆረጥና ጠርዙ በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ቀዳዳ መስመር ይሠመራል። ብዕሩ መቃ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለርእስ።

እዚህ ድረስ ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። ያልሰማነው ጥራዙን ነው። የተጣጠፉት ቅጠሎች በክር እርስ በርሳቸው እንደ ሰንሰለት ይያያዛሉ፤ ክሩ መጨረሻ ላይ በገበታው ጠርዝ በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይታሰራል። ጀርባው ላይ ሙጫ የሚባል ነገር የለም። ማጣበቂያ ካለም የቆዳውን ልባስ ከገበታው ጋር ለማያያዝ ብቻ ነው፤ ስንትና ስንት መጽሐፍ ደግሞ ያለ ልባስ፣ ገበታው ራቁቱን ሆኖ ዘመናትን ኖሯል። ስለዚህ ክሩ ሲበጠስ መጽሐፉ አይሞትም። ይፈታል፣ የተጎዳው ቅጠል ወጥቶ ሌላ ተጽፎ ይገባል፣ ተመልሶ ይሰፋል። መሣሪያው መርፌና ወስፌ ነው፤ አቅራቢ ድርጅት የለው፣ ዋስትና የለው፣ «ከከፈትከው ዋስትናህ ይቀራል» የሚል ወረቀት የለው።

አሁን ግን እንዳናጋንን። መጽሐፉ ክፍት ነበር ማለት ንባቡ ክፍት ነበር ማለት አይደለም። ግዕዝ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ የስንት ፍየል ቆዳ ይፈጃል፣ ገበሬው መጽሐፉን የሚያውቀው ሲነበብለት ነው። ቁልፍም ነበረው፤ ውግዘት። ብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ «የሰረቀ፣ የፋቀ የተወገዘ ይሁን» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ዛሬ ኩባንያዎች ፋይል ላይ የሚያደርጉት መቆለፊያ የዚሁ ዘመድ ነው ብለን ልንቀልድ ነበር፤ አንድ ነገር ያዘን። የአንኮበሩ አባት እንዳሉን ውግዘቱ የሚወድቀው በሌባና በፋቂ ላይ እንጂ በገልባጭ ላይ አይደለም። መገልበጥማ ጽድቅ ነው። የዛሬው መቆለፊያ ግን ከሁሉ በፊት የሚከለክለው መገልበጥን ነው።

አንኮበር ከሌላ ዓይነት መጽሐፍ ጋር የተዋወቀችው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው (1813–1847)። በ1839 ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሚባሉ ሚሲዮናውያን ሸዋ ገቡ፤ ክራፕፍ እስከ 1842 ቆየ። ሚሲዮናውያኑ የሚያድሏቸው የታተሙ የአማርኛ መጻሕፍት ታሪክ ራሱ ልብ ወለድ ይመስላል። አባ አብርሃም፣ ወይም ፈረንጆቹ እንደሚጠሩት አቡ ሩሚ፣ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ መጽሐፍ ቅዱስን ካይሮ ተቀምጦ በአማርኛ ተረጎመ፤ ያሠራው የፈረንሳይ ቆንስል ነበር፤ የትርጉሙን ጽሑፍ ግን የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌሉ በ1824፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። ክራፕፍ በበኩሉ ከሸዋ የግዕዝ ብራናዎች እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር፤ ከነዚያ አንዳንዶቹ ዛሬ ቱቢንገን ናቸው። የምናየውን እንናገር፤ የታተመው ገባ፣ የሚገለበጥበት ወጣ።

ሣህለ ሥላሴ ግን ሞኝ አልነበሩም። ከፈረንጆቹ አጥብቀው የሚሹት ባለሙያ ነበር፤ አንጥረኛ፣ ግንበኛ፣ ሐኪም። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ ከቦምቤይ የእንግሊዝን መልእክተኛ ጓድ መርቶ ጠመንጃና መድፍ ገጸ በረከት አምጥቶ ኅዳር ላይ ውል ተፈራረሙ። ጠመንጃ የሚጠግነው ከሌለ ዱላ መሆኑን ንጉሡ ከእኛ በፊት ያወቁት ይመስለናል።

ወደ ዘመናችን እንሻገር። በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በዓመታት ውስጥ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ ብዙዎቹ ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ናቸው። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ተቀመጠ። እነዚህን ፊልሞች ቁጭ ብለው አንድ በአንድ አንብበው ካታሎግ ካዘጋጁት ዋናው የሸንኮራ ተወላጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በጥይት ተመትተው እግራቸው አልታዘዝ ካለ በኋላ ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እስከ 2021 ዕረፍታቸው ድረስ የሠሩት ሥራ ነው። ሰሜን ሸዋ በእኚህ ሰው መኩራት ካልቻለ በማን ሊኮራ ነው?

ማይክሮፊልም ደግሞ ለጉዳያችን ግሩም ምሳሌ ነው። ማሽኑ ቢበላሽ ብርሃንና ማጉያ መነጽር ካለህ ታነበዋለህ። የ1973ቱ ፊልም ዛሬም ይነበባል። በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር የጻፍነው አማርኛስ? ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይስቃል፣ ወይም ያለቅሳል። ያኔ የፊደል ሶፍትዌር ሻጩ ብዙ ነበር፤ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ሌላም ሌላም። እያንዳንዱ ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ሰጠ። ፍሎፒህን ይዘህ ሌላ ቢሮ ስትሄድ የጻፍከው ማመልከቻ የላቲን ፊደልና የዶላር ምልክት ውርጅብኝ ሆኖ ይከፈታል። ሐሳቡ ያንተ ነው፣ ፊደሉ የአያት የቅድመ አያትህ ነው፣ ቁልፉ ግን የሶፍትዌሩ ባለቤት ነው። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ የጋራ ቁጥር ሰጥቶ ሲቀበል ነው ያ ግንብ መፍረስ የጀመረው። እኛም ይህችን ጽሑፍ የምንጽፈው በዚያ ቁጥር ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት ልብ ወለድ መሳቢያ ውስጥ ሻግቷል!

ሊጠገን የሚችል የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍስ አገራችን ገብቶ አያውቅም? ገብቷል። በ2008 ኤክስኦ የተባሉት አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፖች 5,000 ያህል ሆነው ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች መጡ። ሰው የሚያስታውሳቸው እንደ መጫወቻ ነው፤ መምህራኑም ብዙዎቹ እንደዚያው አይተዋቸው ነበር፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት ቻርጁ ራሱ ፈተና ነው። ግን ተመልከቱ፤ ስክሪኑ ዞሮ ሲታጠፍ ጠራራ ፀሐይ ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ይሆናል። ኪቦርዱ አማርኛ ነበረው። አብዛኛው ጥገና በአንድ ካቻቪቴ ያልቃል፤ መለዋወጫ ብሎኖች እጀታው ውስጥ ተቀምጠዋል! የፕሮግራሙን ውስጥ ገልጦ የሚያሳይ ቁልፍ እንኳ ነበረው። በ2012 ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌት አደሉ፤ ልጆቹ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው ተገኙ ብለው አወሩ። ወሬው ከፕሮጀክቱ ሰዎች ስለሆነ ትንሽ ጨው ተጨምሮበት ይሆናል። ቢሆንም እናምናለን፤ የዚህ አገር ልጅ የተዘጋ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም።

ገበያው ግን የሄደው በሌላው መንገድ ነው። በ2009 ሐምሌ ላይ አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከገዙት ሰዎች ኪንድል ላይ በርቀት ሰረዘ። የሸጠው አሳታሚ መብት አልነበረውም የሚል ምክንያት ነበረው፣ ገንዘቡንም መለሰ፣ በኋላም ይቅርታ ጠየቀ። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን የጻፋቸው ማስታወሻዎች የሚጠቅሱት ገጽ ጠፍቶባቸው ቀሩ። ያን ጊዜ ጉዳዩን የሰማነው እንደ ቀልድ ነበር፤ ከመጽሐፍ ሁሉ «1984»! በ2025 የካቲት ደግሞ የገዙትን መጽሐፍ ኮምፒዩተር ላይ አውርዶ በዩኤስቢ ማዛወር የሚያስችለው አማራጭ ተነሣ። መጽሐፉን ቤት ውስጥ ማስቀመጫ አንድ መንገድ ነበር፣ ተዘጋ።

በሌላ በኩል በ2024 ኮቦ ከአይፊክሲት ጋር ተስማምቶ ለአዳዲስ ማንበቢያዎቹ የጥገና መመሪያና መለዋወጫ ማቅረብ ጀመረ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2027 ጀምሮ ትንንሽ ዕቃዎች ባትሪያቸውን ተጠቃሚው ራሱ የሚቀይረው እንዲሆን በሕግ ወስኗል። ለብራስልስ ሰው የምሥራች ነው። ደብረ ብርሃን የሚደርሰው ግን ያው ከአክስት የሚላከው አሮጌው ስለሆነ፣ ባለ ሙጫው ዘመን ለእኛ ገና ብዙ ይቆያል።

ከአንኮበር ስንመለስ በሞባይል ቤቱ በኩል አለፍን። ልጁ የተሰነጠቀውን ዕቃ አልጣለውም። ፈልቅቆ ጨርሶታል፤ ሰሌዳው ደህና ነው፣ ማስታወሻዎቹም ዕቃው ውስጥ ሳይቀሩ አይቀሩም ብሎ ተስፋ ሰጥቶናል። የሚጎድለው ስክሪንና ባትሪ ነው። «ሌላ የሞተ ካገኛችሁ አምጡልኝ፣ ከሁለቱ አንድ አወጣለሁ» አለን። ከእናንተ መካከል መሳቢያው ውስጥ እንዲህ ያለ ስክሪኑ ደህና የሆነ ሬሳ ያለው ካለ ይጻፍልን፤ ትራንስፖርቱን እኛ እንችላለን።