ከማደን ወደ ማዳን፤ የአውስትራሊያ መንግሥትና ዓሣ ነባሪዎች

በ1978 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ አውስትራሊያ ከምትገኘው ከአልባኒ ወደብ ይነሱ የነበሩት አዳኝ መርከቦች የመጨረሻውን ዓሣ ነባሪ ጎትተው ገቡ። በአገሪቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የቆየው ሙያም በዚሁ አበቃ። ፍጻሜው ግን በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም።

አውስትራሊያ በ1946 በዋሽንግተን የዓሣ ነባሪ አደን መቆጣጠሪያ ስምምነትን ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። የስምምነቱ ዓላማ አደኑን ማስቀረት ሳይሆን፣ የእንስሳቱን ዘር ጠብቆ ኢንዱስትሪው በሥርዓት እንዲያድግ ማድረግ ነበር። ለዚሁም በደቡብ ዋልታ ባሕር የሚፈቀደው ኮታ በአንድ የወል መለኪያ ይሰላ ነበር፤ ይኸውም አንድ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ከሁለት ፊን፣ ወይም ከሁለት ተኩል ሃምፕባክ፣ ወይም ከስድስት ሴይ ጋር እኩል ነው የሚል ነው። መለኪያው የሚገኘውን ዘይት እንጂ በባሕር የቀረውን እንስሳ አይቆጥርም። ስለሆነም አንዱ ዘር ለመጥፋት ቢቃረብ እንኳ ኮታው ተጣሰ አይባልም ነበር።

በዚህ ላይ የሐሰት ሪፖርት ተጨመረበት። የሶቪየት ኅብረት መርከቦች ከ1959 እስከ 1961 በነበሩት ሁለት የአደን ወቅቶች ወደ 25,000 የሚጠጉ ሃምፕባኮችን ገድለው አብዛኛውን መደበቃቸው የታወቀው በ1990ዎቹ ነው። በአውስትራሊያ ምሥራቅ ጠረፍ የነበሩት ጣቢያዎች በ1962 የሚያድኑት አጥተው ተዘጉ፤ በ1963ም ሃምፕባክን ማደን ተከለከለ።

ከዚያ ወዲህ የአልባኒው ኩባንያ ብቻ ስፐርም የተባለውን ዓሣ ነባሪ ማደኑን ቀጠለ፤ ዘይቱ ለማሽን ማለስለሻነት ተፈላጊ ነበርና። የሕዝብ ተቃውሞ በመበርታቱ የጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮልም ፍሬዘር መንግሥት በ1978 በሰር ሲድኒ ፍሮስት የሚመራ አጣሪ ጉባኤ አቋቋመ። ጉባኤው በቁጥር ጉዳይ ብቻ አልተወሰነም፤ የሚፈነዳው የብረት ጦር የሚያስከትለውን ሥቃይ፣ የእንስሳውን አእምሮና ዘይቱን ሊተካ የሚችለውን ነገር ጭምር መረመረ። አደኑ እንዲቀርም ሐሳብ አቀረበ። መንግሥት ሐሳቡን በ1979 ተቀብሎ፣ በ1980 የጥበቃ ሕግ አወጣ።

ኩባንያው ግን ገበያው ቀዝቅዞበት ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት ተዘግቶ ነበር። በመሆኑም መንግሥት የተወው የሞተ ንግድ ነው ሊባል ይቻላል። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ሥራቸውን ያጡት ወደ መቶ የሚጠጉ የአልባኒ ሠራተኞች ናቸውና። ይሁን እንጂ አቋም የሚፈተነው ውሎ አድሮ ነው። የዓለም አቀፉ ኮሚሽን በ1982 የንግድ አደን እንዲቆም 25 ለ7 በሆነ ድምፅ ወሰነ። አውስትራሊያም በ2010 ትልቅ የንግድ ሸሪኳን ጃፓንን በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም በ2014 በ12 ለ4 ድምፅ የጃፓን የደቡብ ዋልታ አደን ለሳይንስ ምርምር ተብሎ የሚፈቀድ አይደለም ሲል ፈረደ። ጃፓን በ2019 ከኮሚሽኑ ወጥታ በራሷ ባሕር የንግድ አደን ጀመረች። ሃምፕባክ ግን ቁጥሩ አንሰራርቶ በ2022 ከአውስትራሊያ የአደጋ መዝገብ ተሰረዘ።

የቀድሞው ኮታ የከሸፈው ሒሳብ ስላልተሠራ አልነበረም፤ የሚለካው ነገር በስሕተት ስለተመረጠ፣ የሚቆጥረውም ሰው ስላልታመነ ነው።